ያልተከፈተው የአፍንጫ ጠብታ

አናጺው ሰኞ ጠዋት ተቀበረ። ጠቡ ግን አብሮት አልተቀበረም። ማክሰኞ ገና በሁለት ሰዓት የሆስፒታሉ ሠራተኛ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የድንገተኛ ክፍል ሰዎችና የራጅ ክፍል ሰዎች አንድ አሳንሰር ውስጥ ላለመገናኘት አራት ፎቅ በእግራቸው ይወጡ ጀመር። የእግዜር ሰላምታ እንኳን ቀርቷል።

የጤና ባለሙያዎች ቦርድ የላካት መርማሪ የገባችው በዚህ መካከል ነው። ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ጉልበቷ ደረጃ የማይወድላት ሴት ናት። ፖሊስ ጣቢያ ሃያ ዓመት ስትሠራ ባልደረቦቿ «እሜቴ ለምን» ብለው ስም አውጥተውላት ነበር፤ ቦርዱ ሲቀጥራት ስሙ ተከትሏት መጣ። እሷም አልጠላችውም። ሰው በገዛ ሥራው መጠራቱ ምን ነውር አለው ትላለች።

«ነገሩ አጭር ነው» አለ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር፣ ወንበር እንኳን ሳይጋብዛት። «ጡረታ የወጣ አናጺ እሁድ አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ ወጥቶ ወደቀ። ጎረቤቱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አመጣው። የድንገተኛ ክፍል ተረኛዋ ሐኪም የጭንቅላት ሲቲ አዘዘች። ቅዳሜና እሁድ ራዲዮሎጂስት እዚህ አይቀመጥም። ቤቱ ሆኖ ምስሉን ያያል፣ ያየውን በስልክ ይናገራል፤ ጽሑፉን በዚያው ቀን ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ያስገባል። ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ደወለላት። ‹ጭንቅላቱ ውስጥ ደም አለ፤ ቀዶ ሐኪም ጥሪ› አላት። እሷ ሰውየውን አልጋ ላይ አስተኝታ ተቀመጠች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞተ።»

«እሷስ ምን ትላለች?»

«‹ንጹህ ነው ብሎኛል› ትላለች። ሌላ ምን ትበል?»

«ጥሪው ምን ያህል ቆየ?»

«ሠላሳ ስምንት ሴኮንድ። በሁለቱም ስልክ ላይ አለ።»

«የጽሑፉ ውጤትስ ስንት ሰዓት ገባ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።»

«ሰውየው ከሞተ ከአንድ ሰዓት በኋላ ማለት ነው።»

ዳይሬክተሩ ፊቱን ቋጠረ። «ቀኑ ሳያልፍ ገብቷል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ሐሙስ ቦርዱ ይሰበሰባል፤ ፈቃዷን ይነጥቃል፤ ከዚያ ጉዳዩ የፖሊስ ነው። ስልኩ አለ፣ ጽሑፉ አለ፣ አስከሬኑም ነበረ። ምን ቀረዎት?»

«ለምን የሚለው» አለችና ወጣች።

ሐኪሟን ያገኘቻት በድንገተኛ ክፍሉ የዕቃ ማከማቻ ውስጥ፣ በጓንት ካርቶን ላይ ተቀምጣ ነው። ከሥራ ታግዳለች፤ ግን ቤቷ መሄድ አስጠልቷታል። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ግን አልለሰለሰም።

«እርስዎም እንደነሱ ሊፈርዱብኝ ከመጡ ጊዜዎን አያባክኑ።»

«የምፈርደው ሐሙስ ነው። ዛሬ የምጠይቅበት ቀን ነው። በሠላሳ ስምንት ሴኮንድ ውስጥ ምን አለሽ? ቃሉን እንዳለ።»

«‹ጭንቅላቱ ንጹህ ነው። ደም የለም። ግራ ጉንጩ ውስጥ፣ የአፍንጫው ጓዳ ፈሳሽ ሞልቶታል። ሌላ ነገር የለም› አለኝ። ዘጋው።»

«አንቺስ?»

«በካርዱ ላይ ጻፍኩት። ለመታዘብ አስተኛሁት። ለአፍንጫውም ጠብታ አዘዝኩለት።» እዚህ ላይ ራሷን በእጇ ያዘች። «ጠብታዋን አይተው ሁሉም ሳቁብኝ። ሰውየው አንጎሉ እየደማ የአፍንጫ መድኃኒት አዘዘች ብለው በየክፍሉ አወሩልኝ።»

«ከራዲዮሎጂስቱ ጋር ትስማማላችሁ?»

«እሳትና ጭድ ነን። ባለፈው ሳምንት የጠዋት ስብሰባ ላይ፣ አርባ ሰው ፊት፣ ‹ይቺ ልጅ በሽተኛ በእጇ ከመዳሰስ ሲቲ ማዘዝ ይቀላታል። ከእንግዲህ ለአንድ በሽተኛ ሁለት ጊዜ አትደውይልኝ› አለኝ።»

መርማሪዋ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ጻፈችና አሰመረችባት። ከዚያ የአናጺውን ካርድ አስመጥታ አነበበች። «ግራ ጉንጭ፣ ፈሳሽ» የሚለው ቃል በሐኪሟ የተጣደፈ ጽሕፈት ተጽፎአል፤ ሰዓቱ ስድስት ከአርባ አምስት። ከሥሩ የሲስተሯ ጽሕፈት አለ፦ ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና አስመለሰው። ይህችንም አየቻት። ለጊዜው ግን ምንም አላለችም።

ራዲዮሎጂስቱን ሠራተኛው «ጋሼ ንስር» ይለዋል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በሠላሳ ዓመት ሥራው ነጥብ የምታክል ዕጢ አምልጣው አታውቅም ይባላል፤ ይህንንም አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ራሱ ነው። ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ስክሪን ፊት ተቀምጦ፣ ሳይዞር ተቀበላት።

«ከየት ነው የመጡት? ከቦርዱ? ሐኪም ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያውስ ቀስ ብዬ ላስረዳዎት።»

የአናጺውን ምስል ከፈተ። ከራስ ቅሉና ከአንጎሉ መካከል ነጭ ነገር እንደ ጨረቃ ጎብጦ ተኝቷል። «ይኼ ደም ነው። ይኼንን ሕፃን ልጅ ያየዋል። ያቺ ልጅ አላየሁትም እንድል ነው የምትፈልገው።»

«የት ሆነው አዩት?»

«ቤቴ። ልክ እንደዚህ ዓይነት ስክሪን አለኝ።»

«ቤትዎ ሆነው ምስሉን ሲከፍቱ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ይመዘግባል?»

«አይመዘግብም። ለማስመዝገብ ከታቀደ ሦስት ዓመቱ ነው።» ፈገግ አለ።

«ስለ አፍንጫውስ ምን አሏት?»

«ስለ አፍንጫው?» አሁን ዞረ። «ምንም። ምን እላለሁ? ይኸውልዎት» ምስሉን ወደ ታች አወረደው። «ግራ ጉንጭ። ጥቁር ነው፣ ጥቁር ማለት አየር ነው። ፈሳሽ ቢኖር ግራጫ ይሆን ነበር። ቀኝም ጥቁር። ጠብታ ፈሳሽ የለም። ያቺ ልጅ ውሸት እንኳን አልቻለችበትም።»

«እርግጠኛ ነዎት? ጠብታ እንኳን የለም?»

«ይጻፉት። እፈርምበታለሁ።»

ጻፈችው፤ ፈረመበት። ሲፈርም ወደ ብርሃኑ ጎንበስ ሲል፣ ከጆሮው ኋላ ቆዳው ላይ የጣት ጫፍ የምታክል ጥቁር እድፍ አየች። ጸጉሩ ደግሞ ከቅንድቡ ይልቅ ጠቁሯል። ሽበት በቀለም መሸፈኑ ወንጀል አይደለም፤ እሷም ሁለት ጊዜ ሞክራዋለች። እድፉ ግን በሦስትና በአራት ቀን እንደሚለቅ ታውቃለች።

የሟች ሚስት ቤት ገና ከሐዘንተኛ አልጸዳም ነበር። ባላቸው በሠራው ጠረጴዛ ፊት፣ እሱው በሠራው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መርማሪዋን እንዳዩ ከቦርሳቸው አንዲት ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጠቅ አደረጓት። ክዳኗ ላይ ያለው ማኅተም አልተነካም።

«ይቺን ነው የሰጠችው። ጭንቅላቱ እየደማ። ጎረቤታችን ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ገዝቶ ጠብቆኝ፣ ስደርስ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ለቦርዱ ይዤያት እመጣለሁ። ፊቷ ላይ ነው የማስቀምጥላት።»

መርማሪዋ ጠርሙሷን አገላብጣ የፋርማሲውን ወረቀት አነበበች። እሁድ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአምስት።

«እርስዎ ሆስፒታል የደረሱት ስንት ሰዓት ነው እትዬ?»

«ሰባት ተኩል። እህቴ ጋ ነበርኩ።»

«ያን ጊዜ ይናገር ነበር?»

«ምን ይናገራል። እኔን ሲጠራ በሞተችው እናቱ ስም ነበር የሚጠራኝ። ጎረቤቴም ከወደቀ ጀምሮ ደህና ቃል አልወጣውም አለኝ።»

«አፍንጫውን ያመው ነበር?»

ሴትየዋ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። «ዓምና። ዕድሜ ልኩን የእንጨት ብናኝ ሲስብ ኖሮ ራሱን ቢያመው፣ እዚያው ሆስፒታል ራጅ አነሱት፤ በዚያችው እንደ ቀለበት በምትዞረዋ። ፈሳሽ ቋጥሯል አሉት። ሌላ ቦታ ወስጄ አሳጠብኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላስነጠሰውም።»

«በየትኛው ጉንጩ ነበር?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ።»

መርማሪዋ የቀረበላትን ሻይ ሳትቀምስ ተነሣች። ሴትየዋ እስከ በር ሸኟትና፣ «ከእነሱ ወገን እንዳትሆኚ» አሏት። ልመና አልነበረም፤ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት የሲቲ ክፍሉን ቴክኒሻን ፈለገችው። ይህ ሰው አስተዋይና ዝምተኛ ነው። አሥር ዓመት አንድ ማሽን ላይ ሲሠራ ከማሽኑ ያነሰ ነው የተናገረው። የዓምናውን የአናጺውን ምስል እንዲከፍትላት ስትጠይቀው፣ እጁ ለአፍታ ቆመ። ከፈተው። ግራ ጉንጩ ግራጫ ነው።

«ይኼን የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ከራሳቸው ኮምፒውተር ማየት ይችላሉ?»

«አይችሉም። የድሮ ምስልም የድሮ ውጤትም እዚህና ራጅ ክፍል ብቻ ነው የሚከፈተው።»

«እሁድ ዕለት ከፍተኸው ነበር?»

«ደንብ ነው። የድሮ ካለ በግራ፣ አዲሱን በቀኝ አድርጌ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ጋሼ እንደዚያ ነው የሚፈልጉት።»

«እስቲ አንድ ነገር አስተምረኝ» አለች ስልኳን እያወጣች። «ከቤት የሚገባበት መስመር እሁድ እሁድ እየተንቀራፈፈ ያስቸግራል አሉኝ። እንደዚያ ሲሆን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ትልካላችሁ። በኔ ስልክ አንሥተህ አሳየኝ። እንደ ወትሮህ።»

ይህንን ማንም አልነገራትም፤ ገምታ ነው። ቴክኒሻኑ ግን የተነገራት መሰለው። ስልኩን ተቀበለ፤ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ፤ አንደኛውን ግማሽ ብቻ በሌንሱ ሞላና አነሳ። ከመመለሱ በፊት አውራ ጣቱ በራሷ ሄዳ የፎቶውን ራስጌ ቆረጠች።

«ለምን ቆረጥከው?»

«የበሽተኛው ስም እንዳይታይ። የጋሼ ትእዛዝ ነው፤ የሰው ምስጢር ነው።»

«ቀኑስ የት ነው የሚጻፈው?»

ቴክኒሻኑ ቀና ብሎ ስክሪኑን አየ። ቀኑ ከስሙ ጎን ነው። ስልኩን መለሰላትና ግንባሩን በክንዱ ጠረገ።

«እሁድ ሌላ በሽተኛ ነበረህ?»

«ማሽኑ ላይ የተኛች ሕፃን ነበረች። ታለቅስ ነበር። በጣም ታለቅስ ነበር።» ወደ ማሽኑ ዞሮ የአልጋውን አንሶላ መቀየር ጀመረ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ መርማሪዋም አልጫነችውም።

ከሰዓት በኋላ የቀራት አንድ ቦታ ነበር። ከሆስፒታሉ ጀርባ ካሉት ሦስት ጸጉር ቤቶች ሁለተኛው ላይ ተሳካላት። ጸጉር አስተካካዩ ወሬ የሚወድ ሰው ነው።

«ዶክተር? እንዴ፣ ደንበኛዬ ናቸው። በአሥራ አምስት ቀን እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ። ቀለሙ ራስ ላይ አርባ ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ቢነሱ ልብስ ያበላሻል። ሥራ ግን አይተዉም። በጨርቁ ሥር ስልካቸውን አውጥተው፣ መነጽር ሳያደርጉ፣ የሆነ ሰው ጭንቅላት ሲያዩ ነበር ባለፈው እሁድ። እኔ እንኳን ደንግጬ ዞር አልኩ።»

ሐሙስ ከሰዓት በፊት፣ ቦርዱ ከመሰብሰቡ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላ፣ ሁሉንም ጨለማው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን እያየ ቆሟል። ሐኪሟ በሩ አጠገብ፣ ራዲዮሎጂስቱ ወንበሩ ላይ፣ ቴክኒሻኑ ግድግዳው ሥር ናቸው። የሟች ሚስት ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መሐል ተቀምጠዋል። ሐኪሟን አንድ ጊዜ አዩአትና ፊታቸውን አዞሩ።

«አንድ ጥሪ፣ ሁለት ቃል» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «አንዱ ደም አለ ብያታለሁ ይላል፤ አንዷ ንጹህ ነው ብሎኛል ትላለች። ሦስተኛ ጆሮ አልነበረም። እትዬ፣ ጠርሙሷን ያውጧት።»

ሴትየዋ አውጥተው ያዟት።

«ወረቀቷ ላይ ሰባት ሰዓት ከአምስት ይላል። ከጥሪው ሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ፤ ከሞቱ አራት ሰዓት በፊት። ሰው የሚዋሸው ሲጨንቀው ነው፤ ያን ጊዜ ማንም አልጨነቀውም። ስለዚህ ሐኪሟ በዚያች ሰዓት የአናጺው ግራ ጉንጭ ፈሳሽ እንዳለበት ከልቧ ታምን ነበር። ለምን?»

«ሰውየውን አስነጥሶት ይሆናላ» አለ ዳይሬክተሩ።

«ዓመት ሙሉ አላስነጠሰውም። እሁድም ፈሳሽ አልነበረውም፤ ዶክተር ፈርመውልኛል።» ወረቀቱን አሳየች። «ፈሳሽ የነበረው ዓምና ነው። ያውም ግራ ጉንጩ ውስጥ፣ ይኼው በምስሉ ላይ። ይህንን ለሐኪሟ ማን ነገራት? ሰውየው ሚስቱን በእናቱ ስም እየጠራ ነበር። ሚስቱ የደረሱት ጠብታዋ ከተገዛች በኋላ ነው፤ ቢደርሱም የትኛው ጉንጭ እንደሆነ አያውቁም። የድንገተኛ ክፍል ኮምፒውተር የድሮ ምስል አይከፍትም። የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ሴኮንዱ።»

ራዲዮሎጂስቱ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ «ይኼ ተረት ነው» አለ። «ዓምና የተነሣን ምስል የዛሬ ነው ብዬ እኔ አነባለሁ? እኔ?»

«በዚህ ስክሪን አያነቡም። ስምና ቀን ራስጌው ላይ ተጽፏል። እርስዎ ግን እሁድ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ቤትዎ አልነበሩም። ጸጉር ቤት፣ ራስዎ ላይ ቀለም ተቀብቶ፣ መነሣት የማይቻልበት ወንበር ላይ ነበሩ። ሲያዩ የነበረው ስልክ ላይ ነው፤ ያለ መነጽር።»

የራዲዮሎጂስቱ እጅ ሳያስበው ወደ ጆሮው ኋላ ሄደ። ዳይሬክተሩ አየው።

«ቢሆንስ? በስልክ ብመለከትስ? ደም ደም ነው፤ ያየሁትን ተናግሬያለሁ።»

«እኔም እሱን ነው የምለው፤ ያዩትን ተናግረዋል። ከግራ የድሮው፣ ከቀኝ አዲሱ ተደርድረው፣ አንድ ሰው ሕፃን እያለቀሰችበት በጥድፊያ ግራውን አነሣ። ስሙን ሲቆርጥ ቀኑም አብሮ ተቆረጠ። የተላከልዎ የማን እንደሆነ፣ የመቼ እንደሆነ የማይታወቅ ጭንቅላት ነበር። ንጹህ ነው አሉ፤ ልክ ነበሩ፣ ለዓምና። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሰውየውን መሞት ሲሰሙ ደንግጠው ቤትዎ ሮጡ፤ በትልቁ ስክሪን ደሙን አዩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ‹በስልክ አሳውቄያለሁ› ብለው ጻፉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ዶክተር፤ ስለ አፍንጫው መናገርዎን ረስተውት ነበር።»

«እኔ ምን በወጣኝ!» ራዲዮሎጂስቱ ከወንበሩ ተነሥቶ በጣቱ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። «ይኼ ደንቆሮ የላከልኝን ነው ያነበብኩት። ሌላ ሰው በላከው—»

እዚያ ላይ ቆመ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላል የአገሩ ሰው፤ ጋሼ ንስርን ግን አፉም ራሱም ባንድ ሳምንት አጋለጡት። ማንም አልሳቀም።

ቴክኒሻኑ ከግድግዳው ተላቀቀ። በዚያ ቀን የተናገረው በዓመት ከሚናገረው በለጠ። «እኔ ነኝ ግራውን ያነሣሁት። እሁድ ማታውኑ ደወሉልኝ። ‹ፎቶውን አጥፋው፤ እኔ ከወደቅኩ አንተ ትቀድማለህ› አሉኝ። ልጆች አሉኝ። አጠፋሁት። እሷ ስትታገድ አየሁና ዝም አልኩ።» ወደ ሐኪሟ ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

«ስህተቱን የሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ማንም ሊሳሳት ይችላል» አለች መርማሪዋ ለዳይሬክተሩ። «ውሸቱን ግን አስበውበት ነው የሠሩት። ለቦርዱ የማቀርበው ይህንን ነው። ሐኪሟ ነጻ ናት።»

ዳይሬክተሩ ራዲዮሎጂስቱን ክንዱን ይዞ አወጣው። ቴክኒሻኑ ተከተላቸው። መርማሪዋ የብዕሯን ክዳን ገጠመች። ሐኪሟ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ አራት ቀን ሙሉ አንገቷ ላይ የነበረው ገመድ ተፈትቷል።

የሟች ሚስት ግን አልተነሡም።

«አንቺ ልጅ» አሉ። «ስምንት ሰዓት ላይ ሁለተኛ ሲያስመልሰው ሳህኑን የያዝኩለት እኔ ነኝ። አንቺም መጣሽ። ዓይኑን በመብራት አየሽው፤ ፊትሽ ተለወጠ። አየሁሽ። ያን ጊዜ ስልክሽ የት ነበር?»

ሐኪሟ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። መርማሪዋም ልትረዳት አልሞከረችም፤ ያቺን መስመር ማክሰኞ ዕለት ካርዱ ላይ አይታታለች።

«ኪሴ ውስጥ» አለች ሐኪሟ።

«ለምን ደግመሽ አልጠየቅሽውም?»

«አውጥቼው ነበር። ስሙ ድረስ ሄጄ ነበር። ለአንድ በሽተኛ ሁለት ጊዜ አትደውይልኝ ብሎኝ ነበር፤ አርባ ሰው ፊት። ድምፁን መስማት ጠላሁ። የማስመለሻ መርፌ ወጋሁትና ስልኩን መለስኩት።» ፊቷን አላዞረችም። «ብደውል ኖሮ አዲሱን ምስል ያየው ነበር። ሦስት ሰዓት ነበረን።»

ሴትየዋ አልተሳደቡም፣ አላለቀሱም። ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። የእግራቸው ኮቴ ኮሪደሩ ላይ እስኪጠፋ ሁለቱም ሴቶች ቆመው ሰሙት።

«ጻፊው» አለች ሐኪሟ። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ትላት እንደነበር ረስታለች።

«ምኑን?»

«አሁን ያልኩትን። ነጻ ናት ካልሽው በታች።»

«ማንም አልጠየቀሽም። ቦርዱ ይህንን ካነበበ ፈቃድሽን ባይነጥቅ እንኳን ለወራት ያግደዋል። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

መርማሪዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ለምን» ብላ አልጠየቀችም። የብዕሯን ክዳን እንደገና ከፈተች፤ ስክሪኑ ወደሚያበራበት ጠጋ ብላ፣ «ስምንት ሰዓት ላይ» ብላ መጻፍ ጀመረች።